የፊት ቅባት ከመግዛቴ በፊት የምጠይቃቸው ሁለት ጥያቄዎች

ቤታችን ውስጥ አንድ ዓይነት ፊት ያላቸው ሁለት ሰዎች የሉም። የእኔ ግንባርና አፍንጫ ቀትር ሳይደርስ ያብለጨልጫል፤ ብጉርም አያጣኝም። የታናሽ እህቴ ፊት ደረቅ ነው፤ በሆነ ባልሆነው ይቆጣል። ባለቤቴ ፂሙን በተላጨ ማግስት አንገቱ ላይ ሽፍ ይልበታል። እናቴ ደግሞ ሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ማድያት አላት። መታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ግን የሁላችንም ዕቃ ተቀላቅሎ ነው የሚቀመጠው። አንዱ የገዛውን ሌላው ይሞክራል። ለእህቴ የተስማማት ክሬም እኔን በብጉር ሞላኝ። እኔ የምወደው ጄል እሷን አቃጠላት።

በዚህ ምክንያት የምርቶችን ጀርባ ማንበብ የእኔ ሥራ ሆነ። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስንሄድም ጥያቄ ጽፌ የምይዘው እኔ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። በአራት ፊቶች ላይ ካየሁትና ጠይቄ ከተረዳሁት፣ ምርት ስትመርጡ ይጠቅማል የምለውን ነው የማካፍላችሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛው፦ ቆዳዬ በተፈጥሮው ምን ዓይነት ነው? ሁለተኛው፦ አሁን ምን ሆኗል? የመጀመሪያው መልስ የምርቱን መልክ ይወስናል፤ ጄል ይሁን፣ ሎሽን ይሁን፣ ወፈር ያለ ክሬም ይሁን። የሁለተኛው መልስ ውስጡ ምን መኖር እንዳለበት ይነግራችኋል። ብዙ ሰው ሁለቱን ይደባልቃል። "ለወዛም ቆዳ" የሚለውን አይቶ ለማድያቱ ይገዛል። ወይም "ለብጉር" የሚለውን አይቶ፣ ፊቱ ደረቅ ሆኖ ሳለ፣ በአልኮል የተሞላ ጄል ይቀባል። ወዛምም ሆነ ደረቅ ፊት ብጉር ሊያወጣ ይችላል። መድኃኒቱ አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሚቀርብበት መልክና አብሮት የሚቀባው ማለስለሻ ግን ይለያያል።

ዓይነቱን ማወቅ ቀላል ነው። ፊታችሁን በለስላሳ ማጠቢያ ታጠቡና አድርቁት። ምንም አትቀቡ። አንድ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ሁሉም ቦታ ካብለጨለጨ ወዛም ነው። ከተወጠረ፣ ከሻከረ ወይም ፈገግ ስትሉ ከያዛችሁ ደረቅ ነው። ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ወዝተው ጉንጭ ደህና ወይም ደረቅ ከሆነ ድብልቅ ነው። ምንም ካልተሰማችሁ ደግሞ የታደላችሁ ናችሁ፤ ብዙ አትነካኩት። ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ የሚባለው ከእነዚህ ከሁሉም ጋር አብሮ ሊኖር ይችላል። ወዛም ሆኖ የሚቆጣ ፊት ሞልቷል።

ይህ መልስ ለዕድሜ ልክ አይሠራም። ወዝ የሚያመነጩት ዕጢዎች በሆርሞን ይታዘዛሉ። ጉርምስና፣ እርግዝና፣ ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ ያለው ጊዜ፣ ሁሉም ይቀይሩታል። የአየር ጠባይም እንዲሁ። ስለዚህ ከጥቂት ዓመት በፊት "ወዛም ነሽ" የተባለች ሴት ዛሬም ያንኑ ምርት መግዛት የለባትም።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ፊት ላዩ እያብለጨለጨ ከሥር የተወጠረ ስሜት ካለው፣ ብዙ ጊዜ የላይኛው የቆዳ ሽፋን ተጎድቶ ውሃ እያመለጠው ነው። ምልክቱን በቀላሉ ታውቁታላችሁ። ድሮ የማያቃጥላችሁ ነገር ማቃጠል ይጀምራል። ተራ ማለስለሻ እንኳ ይቆጠቁጣል። ይህ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከመፈተግ፣ ከጠንካራ ሳሙናና አሲድ ያለባቸውን ብዙ ምርቶች ከመደራረብ ነው። እንዲህ ሲሆን አዲስ ነገር አልገዛም፤ እቀንሳለሁ። ለስላሳ ማጠቢያ፣ ሽቶ የሌለው ማለስለሻ፣ የፀሐይ መከላከያ፣ በቃ። ማቃጠሉ እስኪጠፋ ሌላው ሁሉ መደርደሪያ ላይ ይቆያል። ጥቂት ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

ከማጠቢያው እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ጤነኛ የፊት ቆዳ ትንሽ አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲዳማነት መለኪያው፣ 5 አካባቢ ነው (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዳማነቱ ይጨምራል)። ተራ የገላ ሳሙና ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ታጥባችሁ ስትጨርሱ ፊታችሁ ጭምድድ ካለ፣ ያ የንጽህና ምልክት አይደለም፤ ቅባቱ ከልክ በላይ ተጠርጎ ወጥቷል ማለት ነው። ለወዛም ፊት አረፋ ያለው ጄል ይመቻል። ለደረቅ ፊት ብዙም የማያረፋ፣ ወተት የሚመስል ማጠቢያ ይሻላል። ጠዋትና ማታ፣ ካላበኝ በኋላ ደግሞ አንዴ፣ ይበቃኛል። እህቴ ጠዋት በውሃ ብቻ ነው የምትታጠበው፤ ምንም አልጎደለባትም። ውሃው ለብ ያለ ይሁን። ስክራብ፣ ማለትም አሸዋ አሸዋ የሚል ማሻሻ፣ ብጉር ላለበት ፊት አልመክርም። ብጉር ከቆሻሻ አይመጣም፤ በመፈተግም አይጠፋም። ቶነርን፣ ማለትም ከታጠቡ በኋላ የሚቀባውን ውሃ መሰል ፈሳሽ በተመለከተ ደግሞ፣ እስካሁን ጥቅሙን ያሳመነኝ ሰው የለም። ገንዘቡን ለፀሐይ መከላከያ አውሉት።

ማለስለሻ ወይም ሞይስቸራይዘር የሚባለው ሦስት ሥራ የሚሠሩ ነገሮችን ይይዛል። ውሃ የሚስቡ አሉ፤ ግሊሰሪንና ሃያሉሮኒክ አሲድ ከእነዚህ ናቸው። በቆዳ ሕዋሳት መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞሉና የሚያለሰልሱ አሉ፤ ሴራማይድና ስኳሌን ይጠቀሳሉ። ላይ ላዩን ሸፍነው ውሃው እንዳይተን የሚያደርጉም አሉ፤ የእነዚህ አለቃ ቫዝሊን ነው። ይህን ካወቃችሁ የማሸጊያው ውበት አያታልላችሁም። ለወዛም ፊት በግሊሰሪን ወይም በሃያሉሮኒክ አሲድ የተሠራ ቀላል ጄል ይበቃል። ለደረቅ ፊት ሦስቱም ያሉበት ወፈር ያለ ክሬም ያስፈልጋል። እህቴ ማታ ክሬሟን ፊቷ እንደረጠበ ትቀባና በጣም በሚደርቅባት ቦታ ላይ ስስ ቫዝሊን ትደርብበታለች። ከሞከረችው ውድ ነገር ሁሉ የጠቀማት ይህ ነው። ለእኔ ግን ቫዝሊን ፊት ላይ ይከብደኛል። ደግሞ "ወዛም ነኝና ማለስለሻ አያስፈልገኝም" የምትሉ ካላችሁ፣ በተለይ የብጉር መድኃኒት ስትጀምሩ ያስፈልጋችኋል። መድኃኒቱ ያደርቃል፤ ከደረቀባችሁ ደግሞ ታቆሙታላችሁ።

ናያሲናማይድን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት ነው። ወዝን በመጠኑ ይቀንሳል፤ የቆዳን ሽፋን ያግዛል፤ በጥቁር ነጠብጣብ ላይም ይሠራል። ከ4 እስከ 5 በመቶ የሆነው ይበቃል። 10 በመቶ የሚለው የግድ የተሻለ አይደለም፤ አንዳንዱን ፊት ያቀላል። ቫይታሚን ሲ ሴረምም ጥሩ ነው፤ ግን ቶሎ ይበላሻል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቡናማ ከሆነ ጊዜው አልፏል።

አሁን ወደ ብጉር። ይህን ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ ፊቴ ላይ የኖረ ነገር ነው።

ብጉር ሲባል አንድ ነገር አይደለም። የማያምሙ ጥቁርና ነጭ ነጥቦች አሉ፤ የተደፈኑ ቀዳዳዎች ናቸው። ያበጡ፣ መግል የቋጠሩ አሉ። ከቆዳ ሥር ጠጥረው የሚያሙ ትልልቅ እብጠቶችም አሉ። ለተደፈነው ቀዳዳ ሳላይሲሊክ አሲድ ይመቻል። በቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ ወዝ ያለበት ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ያለ ማዘዣ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ነው። ላበጠውና መግል ለያዘው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የተሻለ ነው፤ በብጉር ውስጥ የሚራባውን ባክቴሪያ ይገድላል። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ፤ 2.5 በመቶውን ፈልጉ። ከ10 በመቶው ብዙም አያንስም፤ የሚያቃጥለው ግን በጣም ያነሰ ነው። ፎጣና የትራስ ልብስ ቀለም እንደሚያጠፋም እወቁ። እኔ ነጭ ፎጣ ለይቻለሁ።

ሁለቱንም ዓይነት ብጉር በጥሩ ሁኔታ የሚይዘው ግን አዳፓሊን ነው። ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ ሲሆን ቀዳዳው ገና ከመጀመሪያው እንዳይደፈን ያደርጋል። 0.1 በመቶው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፤ በሌላ ቦታ ማዘዣ ሊጠይቅ ይችላል። አቀባቡ ነው ሰውን የሚያሸንፈው። ማታ ብቻ፣ በደረቀ ፊት ላይ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ለመላ ፊት። ብጉሩ ላይ ብቻ ነጥብ ነጥብ አይደረግም። መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ምሽት፣ ቆዳው ሲለምድ እየጨመሩ መሄድ ነው። ፊታችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ መጀመሪያ ማለስለሻ፣ ከዚያ መድኃኒቱ፣ ከዚያ እንደገና ማለስለሻ ቀቡ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መላጥና ብጉሩ መባባስ ሊያጋጥም ይችላል። ብዙ ጓደኞቼ እዚያ ጋ ነው ያቆሙት። ውጤቱ ግን የሚለካው ከ12 ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት "አልሠራልኝም" ማለት አይቻልም።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ለማርገዝ ካሰባችሁ አዳፓሊን፣ እንዲሁም የዚሁ የቫይታሚን ኤ ቤተሰብ የሆኑት ሬቲኖልና ትሬቲኖይን ይቅሩ። በዚያ ጊዜ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት አዜላይክ አሲድ ነው። ብጉርንም ብጉር የሚተወውን ጥቁረትም አብሮ ይነካል። ሲጀምር ትንሽ ያሳክካል። በጠይም ፊቴ ላይ ውጤቱን ስለወደድኩት ከመደርደሪያዬ አይጠፋም።

አንድ ብጉር የሚመስል ግን ብጉር ያልሆነ ነገር አለ። ግንባር ላይ፣ በፀጉር መስመር ዙሪያ፣ ሁሉም እኩል የሆኑ ትንንሽ ሽፍታዎች ይወጣሉ፤ ደግሞ ያሳክካሉ። ጥቁር ነጥብ አይኖራቸውም። ይህ በፈንገስ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። ፈንገሱ ማላሴዚያ ይባላል፤ ቆዳችን ላይ የሚኖርና ቅባት የሚወድ ነው። የብጉር መድኃኒት ብትቀቡበት አይሰማም። አንቲባዮቲክ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። መድኃኒቱ እንደ ኬቶኮናዞል ያለ ፀረ ፈንገስ ነው። የሚያሳክክ "ብጉር" ካላችሁ ይህን ለሐኪማችሁ አንሱ፤ የፀጉር ቅባታችሁ ወደ ግንባር እየወረደ እንደሆነም እዩ።

ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ትልቁ ጣጣ ብጉሩ ሳይሆን የሚተወው ምልክት ነው። ብጉሩ በሳምንት ይጠፋል፤ ጥቁረቱ ወራት ይቆያል። ይህ ጠባሳ አይደለም። ቆዳው ሲቆጣ ቀለም የሚያመርቱት ሕዋሳት ከልክ በላይ ስለሚሠሩ የሚመጣ ነው። ጎድጎድ ካለ ወይም ከፍ ካለ ጠባሳ ነው፤ ያን በቅባት ማስተካከል አይቻልም። ዝም ብሎ የጠቆረ ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይለቃል። የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ አዲስ ብጉር እንዳይመጣ ማድረግና ከፀሐይ መጠበቅ። ብጉር ማፍረጥ ጥቁረቱን እንደሚያረዝመው የታወቀ ነው፤ እጃችሁን ሰብስቡ። ሎሚ መቀባትም ይቅርባችሁ። በጣም አሲዳማ ነው፤ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን አቃጥሎ የባሰ ያጠቁራል።

ማድያት ሌላ ነው። በጉንጭ፣ በግንባር፣ ከላይኛው ከንፈር በላይ፣ ብዙ ጊዜ በሁለቱም ወገን እኩል ይወጣል። እርግዝና፣ የሆርሞን የወሊድ መቆጣጠሪያና ፀሐይ ያነሣሡታል። እናቴ ስታክመው ይደበዝዛል፣ ከፀሐይ መከላከያው ስትዘናጋ ይመለሳል። የፀሐይ መከላከያ ሳይቀቡ ማድያት ማከም ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ውስጥ ግድግዳ እንደመቀባት ነው። ለማድያት ደግሞ ተራው መከላከያ አይበቃም። የሚያጠቁረው አልትራቫዮሌት ጨረር ብቻ ሳይሆን በዓይን የሚታየው ብርሃንም ነው። እሱን የሚከላከለው ብረት ኦክሳይድ የተባለ ቀለም ያለው፣ ማለትም ፋውንዴሽን የመሰለ ቡናማ መልክ ያለው መከላከያ ነው። ከቆዳ ቀለም ጋር ስለሚመሳሰልም ፊት ላይ ነጭ ሆኖ አይቀርም። እናቴ ይህን ካገኘች ወዲህ ለመቀባት አትለመንም።

ስለ ፀሐይ መከላከያ ካነሣሁ አይቀር፣ "ጥቁር ቆዳ አያስፈልገውም" የሚለውን እንተወው። ጥቁር ቆዳ ከቃጠሎ የተሻለ ይከላከላል እንጂ ከነጠብጣብና ከማድያት አያድንም። ኤስፒኤፍ የመከላከያው አቅም መለኪያ ነው፤ ኤስፒኤፍ 30 ቆዳ የሚያቃጥለውን ጨረር 97 በመቶ ያህል ይይዛል፤ 50 ደግሞ 98 በመቶ ያህል። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ትልቁ ልዩነት መጠኑ ላይ ነው። ፊትና አንገትን ለመሸፈን በሁለት ጣት ርዝመት የተሰመረ ያህል ያስፈልጋል። ሰው ግን የዚያን ግማሽ እንኳ አይቀባም። ውጭ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ወዛም ከሆናችሁ ጄል መሰሉን ወይም ውሃ መሰሉን፣ ደረቅ ከሆናችሁ ክሬሙን ምረጡ። ቶሎ ለሚቆጣ ፊት ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ይስማማል፤ ችግሩ ማንጣቱ ነው። በአጭሩ ጥሩ መከላከያ የሚባለው በየቀኑ ለመቀባት የማትሰለቹት ነው።

ስለ ማንጫ ክሬሞች ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በቶሎ "ፊት የሚያጠራ" ተብሎ በሰው እጅ የሚዞር፣ ውስጡ ያለው በግልጽ ያልተጻፈበት ክሬም ካያችሁ ሦስት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛው ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን። በመጀመሪያው ሳምንት ፊት ያምራል። ለዚህ ነው ሰው የሚያምነው። ከቆየ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ብጉርና ፀጉር ይወጣል። ሲተዉት ደግሞ ፊቱ ይነድዳል፤ ሰውየውም ወደ ክሬሙ ይመለሳል። ጭርት ላይ ከተቀባማ መልኩን ቀይሮ ይደበቅና ይስፋፋል። ለረጅም ጊዜ ተጠቅማችሁ ከሆነ በአንዴ ከመተው በፊት ሐኪም አማክሩ።

ሁለተኛው ሜርኩሪ ነው። ኩላሊትንና የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል፤ ከሚቀባው ሰው አልፎ አብረውት የሚኖሩትን ልጆችም ሊነካ ይችላል። ሚናማታ በተባለው ስለ ሜርኩሪ በተደረገ ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ እ.ኤ.አ. ከ2025 በኋላ እንዳይመረትና ከአገር አገር እንዳይነገድ ተወስኗል፤ ገበያ ላይ ግን አልጠፋም። ካሎሜል ወይም ሜርኩረስ ክሎራይድ የሚል ካነበባችሁ መልሱት። "ከወርቅ፣ ከብርና ከጌጣጌጥ ጋር አይነካካ" የሚል ማስጠንቀቂያም የእሱ ምልክት ነው። ሦስተኛው ጥቁረትን የሚያደበዝዘው ሃይድሮኪኖን ነው። ይህ በሐኪም እጅ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለተወሰኑ ወራት ይታዘዛል፣ ከዚያ ይቆማል። ያለ ቁጥጥር ለዓመታት ከተቀቡት ግን ቆዳውን ራሱን ሰማያዊ ጥቁር ያደርገዋል፤ ያ ደግሞ አይለቅም ማለት ይቻላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ያደረገችው በከንቱ አይደለም።

ወደ እህቴ ልመለስ። ቶሎ የሚቆጣ ፊት ያላቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚፈልጉት "ምን የሌለበት" እንደሆነ ከእሷ አይቻለሁ። ዋናው ሽቶ ነው። በመዋቢያ ምክንያት ከሚመጡ የቆዳ አለርጂዎች ውስጥ ከፍተኛውን ቦታ ከያዙት አንዱ ነው። "ሽታ አልባ" የሚለው ግን አይበቃም፤ ሽታን ለመደበቅ ሌላ ሽቶ ሊጨመርበት ይችላል። የምትፈልጉት "ሽቶ ያልተጨመረበት" የሚለውን ነው። ከተክል የወጣ ዘይትም ከዚህ አያመልጥም። ላቬንደርም ሻይ ዛፍ ዘይትም አለርጂ ያስነሣሉ። ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም የሚለው አባባል እህቴ ፊት ላይ ቦታ የለውም።

አዲስ ነገር ስትገዛ ክንዷ ውስጠኛው ክፍል ላይ፣ ትንሽ ቦታ መርጣ፣ በቀን ሁለቴ፣ ለሳምንት ከዚያም ትንሽ ለበለጠ ጊዜ ትቀባለች። አለርጂ በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ስለሚችል ነው። ካልተቆጣ ወደ ፊት ይሄዳል። ሁለት አዲስ ምርት በአንድ ጊዜ አትጀምርም። ከጀመረች ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ እንዴት ታውቃለች?

"ቆዳዬ ስስ ነው" ከምትሉት መካከል አንዳንዶቻችሁ በሽታ ያለባችሁ ልትሆኑ ትችላላችሁ። በቅንድብ ውስጥና በአፍንጫ ጎን ቅባታማ ቅርፊት የሚመላለስባችሁ ከሆነ የፎረፎር ዘመድ ነው፤ በፀረ ፈንገስ ይታከማል፤ ቅርፊቱን በዘይት ማራስ አይረዳም። በጠይም ቆዳ ላይ ቦታው ነጣ ብሎ ስለሚታይ ሌላ በሽታ ይመስላል። ፊታችሁ ሙቀት፣ ፀሐይ ወይም የሚያቃጥል ምግብ ሲነካው የሚግል፣ የሚቆጠቁጥና ሽፍ የሚል ከሆነ ሮዜሺያ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይጎላ ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ የምትተማመኑት በግለቱ ስሜት ነው። ችፌ ያለበት ሰው ደግሞ ማንኛውንም አሲድና ሬቲኖል ከመጀመሩ በፊት ችፌውን ያሳርፍ።

ለባለቤቴ የተገዛለት ነገር የለም ማለት ይቻላል። አንገቱ ላይ የሚወጣው ብጉር አይደለም፤ የተላጨው ጥምዝ ፀጉር ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ሲገባ የሚፈጠር እብጠት ነው። ከክሬም ይልቅ አላጫጩን መቀየር ጠቀመው። በምላጭ ሥር ድረስ መላጨት ትቶ ትንሽ ፀጉር በሚያስቀር ማሽን ይጠቀማል። ምላጭ ሲይዝ ቆዳውን ሳይወጥር፣ ፀጉሩ ወደበቀለበት አቅጣጫ ይላጫል። አልኮል ያለበትን የመላጫ ሽቶም ጣለው።

ማሸጊያ ላይ ስለሚጻፈው ጥቂት ልበል። "ቀዳዳ አይደፍንም" የሚለው ቃል የሚቆጣጠረው ወጥ መስፈርት የለውም። አንድ ንጥረ ነገር ቀዳዳ ይደፍናል አይደፍንም የሚሉት የድሮ ዝርዝሮች ብዙዎቹ በጥንቸል ጆሮ ላይ ከተሠራ ሙከራ የመጡ ናቸው። ጥንቆላ አይደለም፣ ግን ዋስትናም አይደለም። "አለርጂ አያስነሣም" የሚለውም እንዲሁ። እኔ የማምነው የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር ነው። ብዙ ያለው ከፊት ይጻፋል፤ ከ1 በመቶ በታች ያሉት ግን በፈለጉት ቅደም ተከተል ሊሰለፉ ይችላሉ። ማሸጊያው ፊት ላይ በትልቁ የተጻፈው ነገር ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ከተገኘ ለስም ያህል የገባ ሊሆን ይችላል። የተከፈተ ጣሳ የሚመስል ትንሽ ምልክትም ፈልጉ። ውስጡ 6 ወይም 12 የሚል ቁጥር አለ፤ ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚቆይ ነው።

ከምንም ለሚጀምር ሰው የምለው ይህን ነው። መጀመሪያ ማጠቢያ፣ ማለስለሻና የፀሐይ መከላከያ ለዓይነታችሁ በሚመች መልክ ያዙ። ፊታችሁ ሲረጋጋ ለችግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ። ለብጉር አዳፓሊን፣ ለጥቁረት አዜላይክ አሲድ ሊሆን ይችላል። አሲድና ሬቲኖልን በአንድ ምሽት አትደራርቡ። በየቀኑ መስታወት ላይ ከመመርመር በወር አንዴ፣ በተመሳሳይ ብርሃን፣ ፎቶ አንሱ። ለውጡ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ዓይናችሁ አይይዘውም።

ከቆዳ ሥር ጠጥሮ የሚያም ብጉር፣ ጠባሳ እየተወ የሚሄድ ብጉር፣ በድንገት የመጣ ብጉር ከወር አበባ መዛባትና ከፂም መብቀል ጋር፣ በወራት ጥረት ያልተለወጠ ማድያት፣ ቅርጹን የሚቀይር ወይም የሚደማ ነጥብ፣ እነዚህ የመደርደሪያ ጉዳይ አይደሉም፤ የቆዳ ሐኪም ይያቸው። ስትሄዱ ሜካፕ ሳትቀቡ ሂዱ። የምትቀቡትን ሁሉ፣ ስም የሌለውንም ጭምር፣ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።